ከቆራሌው በፊት፦ የአናጺው መላጊያዎችና ሥራቸው

ቤት ሲቀየር ወይም ወላጆች አልፈው ዕቃቸው ሲለይ፣ ቀድመው ከሚወጡት ነገሮች አንዱ በአልጋ ሥር ወይም በጓሮ መጋዘን የከረመው የመሣሪያ ሣጥን ነው። ልብሱ ለዘመድ ይከፋፈላል፤ ፎቶግራፉ ከልጆቹ አንዱ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሣጥኑ ግን በደጅ እየተጣራ ለሚያልፈው ቆራሌ ይሰጣል። ለቆራሌው የዛገ ብረት ሁሉ አንድ ነው። የተጣመመ ፌሮም ሆነ አባት ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላበት መላጊያ፣ ዋጋው በክብደቱ ይተመናል።

በሣጥኑ ውስጥ የሚገኘው መላጊያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። አንዱ የክንድ ያህል ረጅም ነው፤ ሌላው በመዳፍ ይያዛል፤ ሌላው ከጣት ብዙም የማይሰፋ ስለት ይዞ ለምን እንደሚያገለግል ግራ ያጋባል። ሥራቸውን ለማያውቅ ሰው ሁሉም የአንዱ ዕቃ ቅጂዎች ይመስላሉ። አናጺው ግን አንዱን በሌላው ምትክ አያነሣም። በማዕድ ቤት የሽንኩርቱ፣ የዳቦውና የሥጋው ቢላ እንደሚለያዩ ሁሉ፣ የአናጺው መላጊያዎችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ይህን ማወቅ ለባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም። በቤትዎ የዋንዛ ቡፌ፣ በክረምት የሚጠብቅ በር ወይም የማይከፈት መሳቢያ ካለ ጉዳዩ እርስዎንም ይመለከታል።

ልክ ያለው ቢላ

መላጊያ በመሠረቱ ቢላ ነው። ልዩነቱ ስለቱ በእንጨት ወይም በብረት አካል ውስጥ ተሰክቶ መቀመጡ ነው። በመጥረቢያ ወይም በመሮ የሚሠራ ሰው ምን ያህል ጠልቆ እንደሚቆርጥ የሚወስነው እጁ ነው። በመላጊያ ግን የሚወስነው ከሥር ያለው ጠፍጣፋ ገጽ ነው። ስለቱ በዚህ ገጽ ላይ ካለች ቀጭን ቀዳዳ፣ ማለትም ከመላጊያው አፍ፣ ብቅ የሚለው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። አናጺው ሲገፋው ከእንጨቱ ላይ ስስ ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ስለቱም ከተፈቀደለት ልክ በላይ ሊጠልቅ አይችልም።

ረጅምና አጭር መላጊያ ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። አጭር መላጊያ በወጣ ገባ ጣውላ ላይ ሲገፋ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ጉብታውንም ይወጣል። ጣውላውን ያለሰልሰዋል እንጂ አያቃናውም። ረጅሙ ግን ከጉብታ ወደ ጉብታ ተሻግሮ ስለሚያልፍ የሚቆርጠው ከፍ ያለውን ብቻ ነው። ጉብታዎቹ እየተላጉ አልቀው ፍቅፋቂው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መውጣት ሲጀምር ጣውላው መቃናቱ ይታወቃል።

መሣሪያው ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ከተቀበረችው ከፖምፔ ፍርስራሽ የሮማውያን መላጊያዎች ተገኝተዋል። አካል፣ አፍ፣ ስለትና ስለቱን የሚያጠብቅ ሽብልቅ ነበራቸው። የዛሬ አናጺ ቢያያቸው ምን እንደሆኑ ለማወቅ አይቸገርም።

ወደ እኛ አገር አናጺ ቤት ስንመጣ ቋንቋው ራሱ ታሪክ ይናገራል። መላግና መላጊያ የራሳችን ቃላት ናቸው። በዙሪያቸው ያሉት ጣውላ፣ ስኳድራ፣ ሞርሳና ሰጋቱራ ግን ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አንዳንድ አናጺም መላጊያውን በጣሊያንኛ ስሙ ፒያላ ሲል ይሰማል።

አባት ለልጁ የገዛው

አንድ አናጺ በእርግጥ ስንት መላጊያ ያስፈልገዋል? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጥ አንድ የአባትና የልጅ ታሪክ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1796 ማብቂያ ላይ በእንግሊዝ አገር፣ ቻታም በምትባል ከተማ፣ ጆሴፍ ሲተን የተባለ አባት ለልጁ ለቤንጃሚን ሙሉ የአናጺ መሣሪያ ገዛለት። የገዛውም ክሪስቶፈር ገብርኤል ከሚባለው የለንደን መላጊያ ሠሪ ቤት ነው። ቤንጃሚን በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ወራት ለመሣሪያዎቹ ማስቀመጫ የሚሆን ሣጥን ሠራ። መሣሪያዎቹንም ከነዋጋቸው በዝርዝር ጻፈ። ሣጥኑ፣ መሣሪያዎቹና ዝርዝሩ ሳይለያዩ እስከ ዛሬ ቆይተው በሮቸስተር ከተማ ጊልድሆል ሙዚየም ይገኛሉ። መሣሪያዎቹ ብዙም ስላልተሠራባቸው እንደ አዲስ ናቸው ማለት ይቻላል።

የዚህ ሣጥን ትልቁ ጥቅም፣ የዚያ ዘመን ሰው አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ሥራ ለመጀመር ምን ያስፈልገዋል ብሎ ያስብ እንደነበር ማሳየቱ ነው። መጋዙና መሮው እንዳለ ሆኖ፣ የመላጊያዎቹ ብዛት ያስገርማል። ሸካራ ለማንሣት፣ ለማቃናት፣ ለማለስለስ፣ ቦይ ለማውጣት እንዲሁም የክፈፍና የጠርዝ ቅርጽ ለማውጣት እየተባለ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ መላጊያ ተገዝቶለታል። አባት ለልጁ የሰጠው ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ሙያውን በሙሉ ነበር።

ሌላው የታወቀ ሣጥን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ በፒያኖ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው የሄንሪ ስተድሊ ነው። ስተድሊ በግድግዳ ላይ በሚሰቀል አንድ ሣጥን ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ መሣሪያዎችን፣ እያንዳንዱን በልኩ በተቀረጸ ቦታ ላይ ደርድሯል። እ.ኤ.አ. በ1925 ከማረፉ በፊት ሣጥኑን ለወዳጁ ሰጠ። ቆይቶም የወዳጁ የልጅ ልጅ ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም አውሶት ሕዝብ አየው። ሁለቱም ሣጥኖች ዛሬ ድረስ የደረሱት በመካከል ያለው ትውልድ የያዘውን ነገር ዋጋ ስላወቀ ነው።

መላጊያዎቹ በየተራ

ዛሬ በብዙ አናጺ ቤት የሚታየው የብረት መላጊያ ቅርጹን ያገኘው ከሊዮናርድ ቤይሊ ነው። አሜሪካዊው ቤይሊ ስለቱን በመዶሻ እየመቱ ማስተካከልን አስቀርቶ፣ በጥርስ ባለው ክብ ብረት እያዞሩ በጥቂት በጥቂቱ ማውጣትና ማስገባት እንዲቻል አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1869 የስታንሊ ኩባንያ የፈጠራ መብቱን ገዛው። መላጊያዎቹም እንደ መጠናቸው ከ1 እስከ 8 ቁጥር ተሰጣቸው። ይህ አቆጣጠር ሌሎች ፋብሪካዎችም ስለተከተሉት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በሣጥኑ ውስጥ ባለው መላጊያ አካል ላይ ቁጥር ተቀርጾ ካገኙ ትርጉሙ ይህ ነው።

ሸካራውን የሚያነሣው። ቁጥር 5 ሲሆን 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከመጋዝ የወጣ፣ ገና ፊቱ ያልተገለጠ ጣውላ መጀመሪያ የሚገናኘው ከዚህ ጋር ነው። አናጺው የስለቱን ጠርዝ ትንሽ ወደ ቅስት ስለሚያደርገው ወፍራም ፍቅፋቂ ያነሣል። የተወው ገጽ ለስላሳ አይደለም፤ ማለስለስም ሥራው አይደለም። አንድ መላጊያ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ይመርጣል፤ በርጋታ ከተስተካከለ ሌሎቹንም ሥራዎች በመጠኑ ስለሚሸፍን።

ረጅሙ። ቁጥር 7 ወደ 56፣ ቁጥር 8 ደግሞ ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። የጠረጴዛ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰፊ ጣውላ አይሠራም፤ ጠባብ ጣውላዎች ጎን ለጎን በኮላ ይጣበቃሉ። መጋጠሚያው እንዳይታይ ሁለቱ ጠርዞች ፍጹም ቀጥ ማለት አለባቸው፤ ይህም የረጅሙ መላጊያ ሥራ ነው። እዚህ ላይ አናጺዎች የሚጠቀሙበት ብልሃት አለ። ሁለቱን ጣውላዎች እንደ መጽሐፍ ገጽ አጥፈው በሞርሳ ያስሩና ጠርዞቹን በአንድ ላይ ይልጓቸዋል። መላጊያው ትንሽ ወደ አንድ ጎን ቢያጋድል እንኳ አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላው፣ ጣውላዎቹ ሲዘረጉ መጋጠሚያው ጠፍጣፋ ይሆናል።

ማለስለሻው። ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ቁጥር 4 ነው፤ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ተራው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ስለቱ እጅግ በጥቂቱ ብቻ ይወጣል፤ በላዩ የሚጫነው ሁለተኛው ብረት ደግሞ ወደ ስለቱ ጫፍ ይጠጋል። ይህ ሁለተኛ ብረት ፍቅፋቂውን ገና ከመነሣቱ ስለሚሰብረው እንጨቱ ወደ ፊት እየተሰነጠቀ እንዳይቦጨቅ ያደርገዋል። በሚገባ የተላገ ዋንዛ ገና ቫርኒሽ ሳይነካው ብርሃን ይመልሳል። ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን ቃጫ እየቧጨረ ሲያልፍ፣ ስለት ግን ቆርጦት ያልፋል፤ የመልኩ ልዩነት ከዚህ ይመጣል።

በመዳፍ የሚያዘው። ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በአንድ እጅ ይሠራበታል። ስለቱ ከሌሎቹ ይልቅ ጋደም ብሎ የተቀመጠ ነው። የጣውላን ጫፍ፣ ማለትም ቃጫው ተቆርጦ የሚታይበትን ጠንካራ ጎን፣ ለመላግ ይመቻል። የጠረጴዛን ስለታም ጠርዝ ልጅ እንዳይጎዳበት በትንሹ ማንሣት ሲያስፈልግም የሚመረጠው ይኸው ነው። ለቤት የሚሆን አንድ መላጊያ ልግዛ የሚል፣ አናጺ ያልሆነ ሰውም ከዚህ ቢጀምር አይቆጭም።

ደረጃና ቦይ የሚያወጡት። የሌሎቹ መላጊያዎች ስለት ከአካላቸው ወርድ ጠበብ ያለ ስለሆነ እስከ ማዕዘን ድረስ አይቆርጡም። ደረጃ የሚያወጣው መላጊያ ስለት ግን ከጎን እስከ ጎን ይደርሳል። የመስኮት መስታወት ወይም የሥዕል ክፈፍ የሚቀመጥበትን ደረጃ የሚያወጣው ይህ ነው። ቦይ የሚያወጣው ደግሞ ጠባብ ስለትና ከጠርዝ ያለውን ርቀት የሚጠብቅ መሪ አለው። የመሳቢያ ወለል የሚገባበትን፣ የቁም ሣጥን በር መካከለኛው ጣውላ የሚቀመጥበትን ቦይ ያወጣል። ይህ ቦይ ለውበት ብቻ አይደለም። እንጨት በክረምት እርጥበት ሲስብ በወርዱ ያብጣል፤ በበጋ ይሰበሰባል፤ በርዝመቱ ግን የሚለወጠው እዚህ ግባ አይባልም። መካከለኛው ጣውላ ያለ ኮላ በቦዩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቢያብጥም ቢሰበሰብም በሩ አይሰነጠቅም። የድሮ ቁም ሣጥኖች ከብዙ ዓመት በኋላ ሳይሰነጠቁ የሚገኙበት አንዱ ምሥጢር ይህ ነው።

ቅርጽ የሚያወጡት። የሲተንን ሣጥን የሞሉት በዋናነት እነዚህ ናቸው። አንዱ ወደ ውስጥ የጎበጠ፣ ጓደኛው ወደ ውጭ ያበጠ ሆነው በጥንድ በጥንድ፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ ይደረደራሉ። የበር ክፈፍ፣ የቁም ሣጥን አናትና የመስታወት ዙሪያ ላይ የሚታየው ጌጥ የሚወጣው ሁለቱን በማፈራረቅ ነበር። ስታንሊ ኋላ ላይ ቁጥር 55 በተባለው አንድ መላጊያ ከ50 በላይ ተቀያያሪ ስለቶች አቅርቦ ይህን ሁሉ ለመተካት ሞክሯል። ዛሬ ይህን ሥራ በአብዛኛው የወሰደው የኤሌክትሪክ ማሽን ነው።

ከፀጉር የቀጠነ

እስካሁን ያየናቸው መላጊያዎች ወደ ፊት የሚገፉ ናቸው። ጃፓናውያን አናጺዎች ግን ካና የሚባለውን መላጊያቸውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። አካሉ ከጠንካራ የኦክ እንጨት የተሠራ ነው። ስለቱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ ይሠራል። ጠንካራው ይቆርጣል፤ ለስላሳው ከጀርባ ሆኖ ይደግፈዋል፣ ለመሳልም ያቀለዋል።

በጃፓን ስስ ፍቅፋቂ የማንሣት ውድድር የሚካሄድበት፣ ኬዙሮካይ የተባለ የአናጺዎች ስብሰባ አለ። የፍቅፋቂው ውፍረት የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። በውድድሩ የሚያሸንፉት ፍቅፋቂዎች ግን ከ10 ማይክሮን በታች ናቸው። ከእንጨት የወጣ ሳይሆን በነፋስ የሚንሳፈፍ ሐር ይመስላሉ።

ውድድሩ ጨዋታ ቢመስልም የሚፈተነው ነገር ቁም ነገር ነው። እንዲህ ያለ ፍቅፋቂ የሚወጣው ስለቱ በደንብ ሲሳል፣ የመላጊያው ገጽ ሲቃና፣ ሠራተኛውም እንጨቱን ሲያውቅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል መላጊያው ራሱ ያጋልጣል።

መጀመሪያ መሳል

ብዙ ሰው አንድ ጊዜ መላጊያ ገፍቶ፣ እንጨቱ ተቦጭቆበት፣ ይህ መሣሪያ አይሠራም ብሎ ያስቀምጠዋል። በአብዛኛው ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ ስለቱ ስላልተሳለ ነው። ከሱቅ የተገዛ አዲስ መላጊያም ቢሆን ሳይሳል ለሥራ አይደርስም።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የስለቱ ጠፍጣፋ ጀርባ በመሳያ ድንጋይ ላይ ይስተካከላል። ከዚያ ተዳፋቱ በ25 ዲግሪ ያህል ይወጣል፤ ጫፉ ብቻ ደግሞ በ30 ዲግሪ ያህል ይሳላል። ድንጋዩ እንደ ዓይነቱ ውኃ ወይም ዘይት ይፈልጋል። በሌላኛው ጎን በጠርዙ ላይ ሸካራ ነገር በጣት ሲሰማ መሳሉ እስከ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው። ጀርባውን አንዴ ሁለቴ በድንጋዩ ላይ በማሳለፍ ያ ሸካራ ይነሣል። ጣትን በስለቱ ርዝመት ማስኬድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሁልጊዜ ከስለቱ ወደ ውጭ ነው የሚነካው።

ሌላው ቃጫን ማንበብ ነው። የከብትን ጀርባ እንደ ፀጉሩ ሲዳብሱት እጅ እንደሚንሸራተት፣ በተቃራኒው ሲዳብሱት ግን ፀጉሩ እንደሚቆም፣ እንጨትም እንደዚያው ነው። የጣውላውን ጎን ሲመለከቱ መስመሮቹ ወደ ላይ የሚወጡበት አቅጣጫ የመላጊያው መንገድ ነው። በተቃራኒው ከተገፋ ስለቱ ቃጫውን መቁረጡን ትቶ ይነቅለዋል። ድምፁም ይለወጣል። በትክክለኛው አቅጣጫ ሲሄድ ፉጨት የሚመስል ወጥ ድምፅ አለው፤ ሲሳሳት ይንተከተካል።

የዋንዛው ቡፌ ጉዳይ

ይህ ሁሉ ለከተማ ቤተሰብ ምን ይጠቅመዋል? መልሱ ምናልባት በሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ይሆናል።

በብዙ ቤት ከወላጅ ወይም ከአያት የመጣ የዋንዛ ቡፌ፣ የጽድ ሣጥን ወይም የዝግባ ቁም ሣጥን አለ። ቀለሙ ጠቁሯል፤ ፊቱ ላይ የሙቅ ብርጭቆ ክብ ምልክት አለበት፤ መሳቢያው ተጣብቋል። በአጠገቡ ደግሞ የሚያብረቀርቅ የቺፑድ ወይም የኤምዲኤፍ ዕቃ ይታያል። ወደ አሮጌው ሲያዩ መጣል፣ ወደ አዲሱ ሲያዩ መግዛት ያሰኛል።

ነገር ግን ሁለቱ ሲጎዱ እኩል አይደሉም። ቺፑድ የእንጨት ቁርጥራጭ በሙጫ ተጨምቆ፣ ከላዩ ስስ ሽፋን ለብሶ የተሠራ ነው። ሽፋኑ ከተላጠ ወይም ውኃ ገብቶት ካበጠ መላጊያ ምንም አይረዳውም፤ ሙጫው ስለትን ያደነዝዛል እንጂ። ሙሉ እንጨት ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። የተቧጨረው የዋንዛ ፊት ጥቂት ፍቅፋቂ ቢነሣለት ከሥሩ ያልተነካ ዋንዛ ይወጣል። በጥንቃቄ ከተላገ ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ መድገም ይቻላል። ላዩ ላይ ስስ የእንጨት ልባስ የተለጠፈበት ዕቃ ግን እንዳይላግ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የጣውላውን ጫፍ አይቶ መስመሩ ከፊት ወደ ጫፍ መቀጠሉን ማረጋገጥ ልዩነቱን ያሳያል።

ሌላም ነገር አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ ስለነበር። ስለዚህ በቤትዎ ያለው ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ገንዘብ ስላለ ብቻ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። እርሱን ማደስ ለኪስም ለደንም ይበጃል።

በከተማ ኑሮ ሌላው ጥቅሙ ፀጥታውና ንጽሕናው ነው። የኤሌክትሪክ ማለስለሻ ኮንዶሚኒየሙን በሙሉ ይረብሻል፤ የሚያወጣው ደቃቅ ብናኝም በአየር ላይ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ ከመደባቸው ነገሮች ጋር አስቀምጦታል። የእጅ መላጊያ ግን የሚያወጣው በእጅ የሚሰበሰብ ፍቅፋቂ ነው።

በሩ በክረምት ሲጠብቅ

በሐምሌ የእንጨት በር አልዘጋ ሲል ብዙዎቻችን ወዲያው አናጺ እንጠራለን። ከዚያ በፊት ማጠፊያውን ይመልከቱ። ብሎኖቹ ላልተው በሩ ወርዶ ከሆነ መፍትሔው ማጥበቅ እንጂ መላግ አይደለም።

ማጠፊያው ደህና ከሆነ የበሩን ጠርዝ በጠመኔ ይቀቡና ዘግተው ይክፈቱት። ጠመኔው የጠፋበት ቦታ የሚነካካው ነው፤ የሚላገውም እርሱ ብቻ ነው። ጥቂት ፍቅፋቂ አንሥቶ መሞከር፣ ከዚያ እንደገና ማንሣት ይሻላል። በክረምት ያበጠው በር በጥር ይሰበሰባልና፣ ዛሬ ብዙ ከተላገ በበጋ ነፋስ የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። የበሩን አናት መላግ ካስፈለገ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መካከል ይሂዱ፤ መላጊያው ከጫፍ ከወጣ ማዕዘኑን ገንጥሎት ይሄዳል። ሲጨርሱ የተላገውን ቦታ ቫርኒሽ ወይም ቀለም ይቀቡት፤ የተራቆተ እንጨት በቀጣዩ ክረምት ይበልጥ እርጥበት ይስባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ብዙ ጊዜ የተቀባ የድሮ በር ከሆነ ሕፃናትን አርቀው፣ አፍንጫና አፍ ሸፍነው ይሥሩ፤ ፍቅፋቂውንም ሰብስበው ያስወግዱ።

ሣጥኑን ከመስጠትዎ በፊት

አሁን ወደ መሣሪያ ሣጥኑ። መላጊያ ካገኙ ዝገቱ አያስፈራዎት። መጀመሪያ በአፉ ዙሪያ ያለውን ብረት ይመልከቱ። አካሉ በቀላሉ የሚሰበር ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ስለሆነ፣ ወድቆ ተሰንጥቆ ከሆነ እንደ ቀድሞው አይሠራም። ስንጥቅ ከሌለ፣ ስለቱም ገና ርዝመት ካለው፣ ብሎኖቹም ከተሟሉ መላጊያው ሊድን ይችላል። የብረት ክፍሎቹን ፈትተው በኮምጣጤ ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያሳድሩ ዝገቱ ይለቃል። ከዚያ በውኃ አጥበው፣ ወዲያው አድርቀው፣ ስስ ዘይት ይቀቧቸው። እንጨቱን ግን ኮምጣጤ ውስጥ አይንከሩ፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ትንሽ ዘይት ይበቃዋል።

ሀብት አገኘሁ ብለውም አይቸኩሉ። 14 ሴንቲ ሜትር የምታህለው የስታንሊ ቁጥር 1 በሰብሳቢዎች ዘንድ ከ1,000 ዶላር በላይ የምትሸጥ ብርቅ ናት። ቁጥር 4 እና ቁጥር 5 ግን በብዛት የተሠሩ ናቸው። የእነርሱ ዋጋ በጨረታ ሳይሆን በሥራ ላይ ነው። ስለት ተስሎላቸው በዘይት ከተያዙ ከሚገዛቸው ሰው ዕድሜ በላይ ያገለግላሉ።

ለልጆችም ጥሩ መምህር ናቸው። ስዊድናዊው ኦቶ ሰሎሞን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በነስ የከፈተው ትምህርት ቤት፣ የእንጨት ሥራ ለልጆች የሚሰጥበትን መንገድ ለመምህራን ያስተምር ነበር። ዓላማውም ሁሉንም አናጺ ማድረግ ሳይሆን በእጅ ሥራ ትዕግሥትንና ትኩረትን ማስለመድ ነበር። የእጅ ሥራ ትምህርት በስዊድን ትምህርት ቤቶች ዛሬም ይሰጣል። መላጊያ በሁለት እጅ ስለሚያዝ፣ አዋቂ ካጠገቡ ከቆመ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ሊገፋው ይችላል። መጀመሪያ ፍቅፋቂው ይቆራረጥበታል፤ ቀስ በቀስ ይረዝማል። ልጁ ትክክል መሥራቱን ለማወቅ የማንንም ምስጋና አይጠብቅም፤ ፍቅፋቂው ራሱ ይነግረዋል።

በሣጥኑ ውስጥ ያሉት መላጊያዎች የማን እንደነበሩ፣ የትኛውን የቤት ዕቃ እንደሠሩ የሚያውቅ ሽማግሌ በቤተሰቡ ካለ ዛሬውኑ ይጠይቁት፤ የነገረዎትንም በወረቀት ጽፈው ሣጥኑ ውስጥ ያኑሩ። ቤንጃሚን ሲተን የጻፈው ዝርዝር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሚነበበው ከመሣሪያዎቹ ስላልተለየ ነው። ቆራሌው ነገም ያልፋል፤ መላጊያው ግን አንዴ ከቤት ከወጣ አይመለስም።